ላቀው ያላደረሰው ቃል

ጎንደር ውስጥ ቤት አከራይተው በደላላ የተከፉ ሰዎች አቤት የሚሉት ላቀው ዘንድ ነበር። ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ካለው ፎቅ ላይ የደላሎቹ ማኅበር አንዲት ክፍል ይዟል። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ወደ አደባባዩ የሚያይ መስኮት አለ። ላቀው ራሱ ዕድሜውን በድለላ ያሳለፈ፣ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ማኅበሩ ቅሬታ ሰሚ አድርጎ ሲመርጠው ከደላሎቹም ከአከራዮቹም የተቃወመ አልነበረም።

ተሰጥኦው ማባበል ነበር። ደላላው ቁልፌን ይዞ ጠፋ፣ ወይም ለቤተሰብ ነው ብሎ ቤቴን ለመጠጥ ቤት አከራየብኝ ብሎ በቁጣ ደረጃውን የወጣ ሰው ሲወርድ ፊቱ ፈትቶ ነው የሚወርደው። ላቀው ያስቀምጠዋል፤ ሻይ ያስመጣለታል፤ አገሩን ጠይቆ ዘመድ ይቆጥራል፤ የሆዱን እስኪጨርስ ድረስ ያዳምጠዋል። በመጨረሻ «ለእኔ ተውት» ይላል። ለእሱ የተተወው ነገር ግን ከዚያች ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ደላሎቹ አብረውት የበሉ የጠጡ ወዳጆቹ ናቸው። ባለጉዳዩ ከበረደ በኋላ ደላላውን ጠርቶ መውቀስ ደግሞ የተኛ ነገር መቀስቀስ ይመስለዋል። ሰው ተቆጥቶ መጥቶ ሳይቆጣ ከሄደ ነገሩ አልቋል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። አከራዮቹ ግን ውሎ አድሮ ገባቸው። «ላቀው ጋ አቤት ያለ ሆዱ ይሞላል፣ እጁን ግን አጨብጭቦ ይመለሳል» ይባባሉ ጀመር። አባባሉ ጆሮው ደርሶ ነበር፤ ሳቅ ብሎ አለፈው።

ወይዘሮ ጥሩ ወደ እሱ የመጡት ከመስቀል በኋላ ነው። ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ባለቤታቸው ትተውላቸው የሞቱት ሰፊ ግቢ አላቸው። እሳቸው አንዱን ቤት ይኖሩበታል፤ ሌላውን ያከራያሉ። ያን ሁለተኛውን ቤት ለብዙ ጊዜ የያዘችው ሕሊና የምትባል አስተማሪ ከዓይነ ስውር እናቷ ጋር ነበር። ወይዘሮ ጥሩና የሕሊና እናት፣ እማማ እስከዳር፣ ከኪራይ አልፈው እንደ እህት ሆነው ነበር፤ ቅዳሴም አብረው፣ ለቅሶም አብረው።

ባለፈው ግንቦት ዛሪማ የተዳረችው ልጃቸው ልትወልድ ሲሆን ወይዘሮ ጥሩ ሊያርሷት ወረዱ። የግቢውን ቁልፍና አደራውን የተዉት ቤታቸውን ሁልጊዜ ለሚያከራይላቸው ደላላ፣ ስማቸው ለሚባል ሰው ነው። ቶሎ እመለሳለሁ ብለው ነበር። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ክረምቱ እዚያው ቆላ ላይ አለፈባቸው።

መስከረም ላይ መንገድ ተከፍቶ ሲመለሱ ሕሊናና እናቷ የሉም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ባልና ሚስት ገብተዋል። ሰላም ያሏቸው ጎረቤቶች ፊታቸውን አዞሩባቸው። ነገሩን ቀስ ብለው ሲያጣሩ ለካ ደላላው ስማቸው በሐምሌ ጨለማ ወደ ሕሊና ሄዶ «እትዬ ጥሩ ቤቱን ልቀቁልኝ ብለዋል» ብሏታል። ሕሊና ደውላ እንዳትጠይቅ የዛሪማ ስልክ አይሠራም። ዕቃዋን በጋሪ ጭና፣ ላስቲክ አልብሳ፣ እናቷን በዝናብ እየመራች ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አይቷል። አዲሶቹ ተከራዮች የገቡት በዚያው ሳምንት ነው። ለደላላ ተከራይ የተለወጠ ቀን እንጀራው የሚገኝበት ቀን ነው፤ ስማቸውም ያን አስቦ ያደረገው ነበር።

ወይዘሮ ጥሩ ይህን ሁሉ ላቀው ፊት ተቀምጠው ሲናገሩ አላለቀሱም። ገንዘብም አልጠየቁም፤ ስማቸው ይቀጣልኝም አላሉም። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ደላላው ሰፈራቸው መጥቶ በሰው ፊት «እሳቸው አላዘዙኝም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ» እንዲል ብቻ። «ሐምሌ ላይ ዕውር ያስወጣች እየተባልሁ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስሳለም ሰው ይሸሸኛል» አሉት። ላቀው ሻይ አስመጣላቸው። የባለቤታቸውን ወገን ቆጥሮ ከእናቱ ዘመዶች ጋር አገናኘው። ለእኔ ይተዉት አላቸው፤ መርቀውት ሄዱ።

ስማቸው የላቀው አበልጅ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ላቀው ነው። አበልጅን ጠርቶ በሰው ፊት ውጣና ሐሰትህን ተናገር ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ላቀው ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ ነገሩን ሊያነሳ ሲል ሌላ ጨዋታ ይመጣል። ወይዘሮ ጥሩ እንደገና መጡ። ጉዳዩን ይዤዋለሁ ብሎ ሸኛቸው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። ያን ቀን ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፤ ላቀውም ደክሞታል። የኅዳር ቁስቋም ዕለት የጽዋ ማኅበራቸው ተራ እሳቸው ቤት እንደሆነ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እንደሚሰበሰብ ነገሩት። ስማቸው የዚያን ቀን ብቅ ብሎ አንዲት ቃል ቢናገር ሌላ ምንም አልሻም አሉ። ከኋላቸው ሌላ ባለጉዳይ ቆሞ ነበር።

«ይመጣል» አላቸው ላቀው። «ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።»

ወይዘሮ ጥሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጁን ሊስሙት ሲሉ ላቀው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ውሸት መሆኑ እንኳ አልተሰማውም፤ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፣ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል ብሎ ነበር። ማታ ግን አልነገረውም። በማግሥቱም አልነገረውም።

ኅዳር ስድስት፣ የበዓሉ ዕለት፣ ላቀው ራሱ ቁስቋም ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር አየ፤ ከበሮውን ሰማ፤ ጸበል ተጠመቀ። ከሕዝቡ መሐል ሳለ የወይዘሮ ጥሩ ነገር ትዝ አለው። ጊዜው ገና ረፋድ ነበር። ስልክ ቢደውል ስማቸው በባጃጅ ይደርስ ነበር። ቤታቸውም ሩቅ አይደለም፤ ቁልቁል ጥቂት ቢራመድ ከበራቸው ይደርስና «አልነገርሁትም፣ ዋሽቻለሁ» ሊላቸው ይችል ነበር። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አበልጄ ምን ይለኛል ብሎ አሰበ። ከዚያ ስልኩን መልሶ ከተተና በእሳቸው ሰፈር በኩል እንዳያልፍ በወዲያኛው መንገድ ዞሮ ወደ ቤቱ ወረደ። በኋላ ሲያስበው ከሁሉ ነገር ይልቅ ያ መዞሩ ነበር እንደ እሾህ የሚወጋው።

ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ የሰማው ከአያ በላቸው ነው። አያ በላቸው የዚያው የጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ አለቃው ናቸው፤ እሳቸውም የሚያከራዩት ቤት ስላላቸው ስለ ሌላ ደላላ አቤት ሊሉ ፒያሳ መጡ። የመጡበትን ተናግረው ሲያበቁ፣ ሻይ ይዘው፣ ደላላ ስንቱን እንደሚያጣላ ሲያወሩ የወይዘሮ ጥሩን ነገር በዚያው አነሱ። ላቀው በጉዳዩ ውስጥ እንዳለበት አያውቁም።

ወይዘሮ ጥሩ ለማኅበርተኛው ሁሉ ዞረው ደላላው መጥቶ እውነቱን ይናገራል ብለው ነበር። የተቀየሙት ሳይቀሩ መጡ፤ እንዲያውም ቀርተው የከረሙ ሰዎች ለመስማት ብለው መጡ። ቄሱ ባረኩ፤ ዳቦው ተቆረሰ። እሳቸው ግን ጽዋው እንዲዞር አልፈቀዱም፤ ትንሽ ታገሡኝ አሉ። በር ድረስ ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ ደላላ የሚጠበቀው የራስን ኃጢአት ለማሸከም ነው ወይ አለች። አያ በላቸው ተዉ ቢሉም ቃሉ አምልጧል።

«እኔም ይብቃን አልኋት» አሉ አያ በላቸው። «ጽዋውን አንስታ ለሚቀጥለው ባለ ተራ፣ ለእኔ፣ ሰጠችና ከዛሬ ወዲያ ከማኅበሩ አውጡኝ አለች። በሣምንቱ በሩን ዘግታ ዛሪማ ወረደች። እኔ እንጃ፣ ምነው እንዲህ ያለ ውሸት ዋሸች እያልሁ አዝናለሁ። ሸጋ ሴት ነበረች።»

ላቀው የያዘው ብርጭቆ ቀዝቅዞ ነበር። አያ በላቸው የራሳቸውን ጉዳይ መልሰው ሲያነሱ አልሰማቸውም። እንደ ልማዱ «ለእኔ ይተዉት» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣ አለው። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወረዱ።

የዚያኑ ቀን ስማቸውን ፈልጎ አገኘው። አደባባዩ ዳር ከሌሎች ደላሎች ጋር ቆሞ ነበር። ላቀው ወደ ጎን ስቦ ሁሉንም ነገረው፤ የሐምሌውን ነገር ለምን እንዳደረገ ጠየቀው፤ ተቆጣውም። ሲቆጣ ቁጣው በማን ላይ እንደሆነ ለራሱም አልለየለትም። ስማቸው መጀመሪያ ተከራከረ። ኋላ መሬት መሬት እያየ፣ «ምነው ያን ጊዜ ሳትነግረኝ?» አለው። «አበልጄ ለምኖኝ እምቢ እል ነበር? እሄድላቸው ነበር እኮ።»

እውነቱን ይሁን አይሁን ላቀው እስከ ዛሬ አያውቅም። ነገር ግን ሰውዬው እምቢ ይለኛል ብሎ ራሱን ሲያጽናና ኖሮ፣ እሱ ራሱ ሳይጠይቅ መቅረቱ ፊቱ ላይ ቆመ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አሞህ ነው ወይ አለችው። ነገራት። ሚስቱ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ሰምታ ሰምታ፣ ሴትዮዋ እጅህን ሊስሙ ነበር አልኸኝ አይደል አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

መጀመሪያ ሕሊናን ፍለጋ አዘዞ ወረደ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቦይ በቦይ የሆነ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ይዘዋል። ሕሊና ከትምህርት ቤት እስክትመለስ በር ላይ ጠበቃት። እውነቱን ሲነግራት ቦርሳዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «እኔኮ እትዬ ጥሩን ረግሜያለሁ» አለችው። «እናቴ አትራገሚ፣ እሷ አታደርገውም ስትለኝ እናቴን ተቆጥቻለሁ።» ከዚያ ስለ እናቷ አወራችው። እማማ እስከዳር ቁስቋም ሳሉ ካቡን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ያለ መሪ ብቻቸውን ቅዳሴ ይሄዱ ነበር። እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቁት ነበር። አዘዞ ከመጡ ወዲህ መንገዱ አልገባ ብሏቸው ከቤት አይወጡም። ሕሊና ሥራ ስትውል ብቻቸውን ተቀምጠው ይውላሉ። ላቀው በተከፈተው በር አሻግሮ አልጋ ላይ የተቀመጡትን አሮጊት አያቸው፤ ማነው ብለው ጠየቁ። ሕሊና መንገደኛ ነው አለቻቸው።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ወደ ዛሪማ ተነሣ። ደባርቅ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሌላ ማኪና ሊማሊሞን ወረደ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ከጎኑ የተቀመጡ ሰዎች እየጸለዩ ነበር፤ እሱ የሚናገረውን ያወጣ ያወርዳል። ወዲያ ላይ ያለው ብርድ ቀርቶ ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የሚናገረው ነገር ሁሉ ወዲያው ማባበያ ይሆንበታል።

የወይዘሮ ጥሩን ልጅ ቤት ገበያው ዳር አገኘው። ወይዘሮ ጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ። ሲያዩት ተነሡ። አልተቆጡም፤ ከዚያ ሁሉ አገር መጥተህ ብለው ውኃ አቀረቡለት፣ እግሩን ታጠብ አሉት፣ ምሳ አስቀረቡለት። ጉርሻ ሲሰጡት እንባ እንዳይመጣበት አንገቱን ደፋ። ከበላ በኋላ መናገር ጀመረ፤ ጊዜው ክፉ እንደነበር፣ መንገዱም ስልኩም እንዳስቸገረ፣ እሳቸውን እንደ እናቱ እንደሚያይ፣ የሰው ነገር ከንቱ እንደሆነ...

«ላቀው» አሉት፣ ሰፌዱን አስቀምጠው። «አታባብለኝ። የመጣህበትን ንገረኝ።»

«አልነገርሁትም» አለ። «ስማቸውን። እሺ ብሏል ያልሁዎት ውሸት ነው። የበዓሉም ቀን እዚያው ቁስቋም ነበርሁ። ትዝ ብሎኝ ነበር። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድሁ።»

ወይዘሮ ጥሩ ሰፌዱን መልሰው አንስተው ማበጠር ጀመሩ። የልጅ ልጃቸው ቤት ውስጥ አለቀሰ፤ እናቱ አባበለችው፤ ዝም አለ።

«እምቢ ብሏል ብትለኝ ኖሮ እችለው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዕድሜ ልኬን እምቢ ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ይመጣል ስትለኝ ነው ያመንሁ። አምኜ ሰው ሰበሰብሁ። የተቀየመኝን ሁሉ በእጄ ጠርቼ፣ አምጥቼ፣ ውሸታም መሆኔን አሳየሁት።»

ላቀው ተነሥቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው መለሱት። እግዜር ይቅር ይበልህ አሉት። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ እሱም ልዩነቱ ገባው። ከዚያ፣ ለእኔ የነገርኸኝ እኔ የማውቀውን ነው፤ የማያውቁት እነሱ ናቸው አሉት። ማኅበሩ ፊት እንደሚናገር ማለላቸው። አትማል አሉት።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁት። ላቀው አሁን ያሉትን ተከራዮች አስወጥቶ ሕሊናንና እናቷን ወደ ቤታቸው ለመመለስ አስቦ ነበር፤ የጥፋቱ ማካካሻ ይህ ነው ብሎ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስለው መጥቷል። ይህን ሲነግራቸው ወይዘሮ ጥሩ አልተቀበሉትም። ሰዎቹ ነገሩን ሳያውቁ የገቡ ናቸው፤ ሴትዮዋም ነፍሰ ጡር ናት። «በእኔ ስም ሁለተኛ ሰው ከቤት አይወጣም» አሉ። ላቀው ያን ጊዜ አንዳንድ የተበላሸ ነገር በሌላ በደል ካልሆነ እንደማይመለስ ተረዳ። እጁ ባዶ ሆኖ ዳገቱን ወጣ።

ታኅሣሥ ስድስት ማኅበሩ አያ በላቸው ቤት ነበር። ላቀው ደላላውን ስማቸውን ይዞ ገባ። ስማቸው ቆሞ፣ እትዬ ጥሩ እንዳላዘዙት፣ በእሳቸው ስም ሕሊናንና እናቷን ያስወጣው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናገረ። ባጭሩ፣ እንደ ተማሪ በቃሉ ያጠናው ይመስል ነበር፤ ግን ተናገረው። ሰዉ ተያየ። ያቺ የበዓሉ ቀን ክፉ የተናገረችው ሴት፣ ታዲያ ያን ቀን ስንጠብቅህ ምነው ቀረህ አለችው። ስማቸው ወደ ላቀው ዞረ።

ላቀው ከተቀመጠበት ተነሣ። ቀጠሮውን የሰጠ እሱ እንደሆነ፣ መልእክቱን ግን እንዳላደረሰ፣ ወይዘሮ ጥሩ የዋሹት እንደሌለ ነገራቸው። ሻይና ዘመድ ቆጠራ አልጨመረበትም። አያ በላቸው አቀርቅረው ቀሩ፤ እሳቸውም ያን ቀን ይብቃን ያሉት ትዝ ብሏቸው ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው፣ ይህ ሰው ተከፍሎት ነው የሚናገር ብለው አጉረመረሙ። ሌሎቹ ግን አምነውታል፤ ማመናቸው የታወቀው ፊታቸው በማፈሩ ነው። ሽማግሌዎች መርጠው ዛሪማ ላኩ።

ወይዘሮ ጥሩ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው፣ ማኅበሩን ይቅር ብለው መለሷቸው። ራሳቸው ግን አልተመለሱም። የልጄ ልጅ ለምዶኛል አሉ። አንዳንዱ ሰው ይህን አመነ። ላቀው አላመነም፤ ሰው አንድ ጊዜ እስከ በሩ ሲመላለስ የታየበትን ግቢ ሁለተኛ ማየት እንደማይሻ ያውቀዋል።

ቅሬታ ሰሚነቱን ልተው ቢል ማኅበሩ ሌላ ሰው የለንም ብሎ ከለከለው። ክፍሏ ውስጥ ዛሬም ይቀመጣል። አሁን ግን ባለጉዳይ እንደተቀመጠ ደላላውን እዚያው ፊቱ ይደውልለታል፤ ደላላው እምቢ ካለ እምቢ ብሏል ይለዋል። ደላሎቹ ቀዝቅዘውታል፤ ከስማቸው ጋርም እንደ ድሮው አብረው አይበሉም። ከአከራዮቹ ብዙዎቹ ተቆጥተው ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ድሮ ሸጋ ሰው ነበር፣ ምን እንዳገኘው እንጃ ይላሉ። ላቀው ይህን ሲሰማ የሚሰማው ሐዘን ይሁን ዕረፍት ለይቶ መናገር አይችልም።

እሑድ እሑድ አዘዞ ይሄዳል። ሕሊናን አስፈቅዶ እማማ እስከዳርን ቅዳሴ ያደርሳል፤ መንገዱን ሊያስለምዳቸው። ካብ የለም፤ የሚዳሰስ ነገር ጥቂት ነው፤ እሱ ግን የቆርቆሮውን አጥርና የመብራቱን ምሰሶ እያስዳሰሰ፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ እያሰማ ያስቆጥራቸዋል። እሳቸው ሲመርቁት በረከቱ ይከብደዋል። መጀመሪያ ሰሞን ማነህ ሲሉት የቁስቋም ማኅበር ሰው ነኝ ብሎ አልፎ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አሮጊቷ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ የማን ወገን ነህ? እንዲህ የምትደክምልኝ ምን አድርጌልህ ነው?» አሉት።

እዚያው መንገድ ላይ ነገራቸው። የወይዘሮ ጥሩን፣ የበዓሉን ቀን፣ የዞረበትን መንገድ። እማማ እስከዳር እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሲጨርስ ምርቃትም ወቀሳም አልሰጡትም። ከፊታቸው ውኃ የሞላ ቦይ ነበርና እጁን አጥብቀው ያዙት፤ በበትራቸው ጫፍ ዳርቻውን ፈልገው፣ ስፋቱን ጠየቁት። ነገራቸው። ተሻገሩ።